ከጓዳ የታሰረው የማን ልጅ ነው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለርሱ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን በጥቂት ቤት ብቻ የሚነገር ነው። ለማንሳት ያነሳሳን ከዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ እናት ናቸው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ትተን ፍሬ ነገሩን ብቻ እንነግራችኋለን።

እኚህ እናት አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ አሥረኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ጤነኛ ነበር። ከትምህርት መልስ በአባቱ ሱቅ ተቀምጦ ጨውና ማር ይሸጥ ነበር። ከዚያ እንቅልፍ ጠፋው። ብቻውን ማውራት ጀመረ። ማንም ያልተናገረውን ድምፅ እሰማለሁ አለ። በመጨረሻም ወንድሞቹ በምግቤ መርዝ ጨምረዋል ብሎ መብላት ተወ። ወላጆቹ መፍትሔ ይገኝበታል የተባለበት ቦታ ሁሉ ወሰዱት። አንድ ሌሊት ከቤት ወጥቶ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲገኝ ጊዜ፣ ሌላ መላ ቢያጡ እግሩን አስረው ከጓዳ አስቀመጡት። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው።

እህቱን ለጋብቻ የጠየቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። ስለ ወንድሟ ከሰሙ በኋላ ግን አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ እናቲቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር የጓዳውን በር ይዘጋሉ፤ ጎረቤት ቡና ሲጠራም ቤቱን ጥለው አይሄዱም።

ደብዳቤው እዚህ ላይ አያበቃም። እኛንም ወቅሰውናል። አንድ ምሽት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይህንኑ ፕሮግራም ሲያዳምጥ፣ እኛ ለማሳቅ ብለን ስለ አንድ «እብድ» ቀልድ አወራን። ቤቱ ሳቀ። ልጁ ከጓዳ ሆኖ የሚሳቀው በሱ እንደሆነ እናቱን ጠየቃቸው። ምን እንደሚመልሱለት አጡ።

ውድ አድማጮች፣ ይህን ደብዳቤ በዝግጅት ክፍላችን ደጋግመን አነበብነው። ወቀሳው ልክ ነው። ጥፋቱም የኛ ነው። ለማሳቅ ብለን አንድ በሽተኛ አስለቅሰናል። ስለዚህ በመጀመሪያ እኚህን እናትና ልጃቸውን፣ እንዲሁም በየቤቱ እንዲህ ላሉ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀጥለንም ደብዳቤው የጠየቀንን ጥያቄ እንመልሳለን። ጥያቄው አጭር ነው። ልጄን ልደብቀው ወይስ ላውጣው?

እብድና ብርድ ያስቃል በግድ ይባላል። ይህ አባባል የማንኛችንም ቤት እንግዳ አይደለም። «ነካ አድርጎታል»፣ «ለክፎታል»፣ «ወፈፍ ያደርገዋል» እያልን እንስቃለን። የወባ በሽተኛ ሲንቀጠቀጥ አይተን ግን አንስቅም። ሳንባው የታመመ ሰው ሲያስል አንቀልድበትም። ታዲያ አእምሮው የታመመ ሰው ብቻ መቀለጃ የሆነው ለምንድን ነው?

ይህን ቃል እኛ ሙስሊሞች ከማንም በላይ ልንጠነቀቅበት ይገባ ነበር። የመካ ከሓዲዎች የአላህን መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተባበል ሲያቅታቸው የወረወሩባቸው ቃል «እብድ ነው» የሚል ነበር። አላህም ቃላቸውን በቁርኣኑ ውድቅ አድርጎባቸዋል። ሰውን «እብድ» ማለት ያኔም ዛሬም የሚሠራው ሥራ አንድ ነው። ቃሉ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ የሰውየውን ንግግር የሚሰማ አይኖርም። ራበኝ ቢል እብደቱ ነው ይባላል። መቱኝ ቢልም እብደቱ ነው ይባላል።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አያያዝ ደግሞ ሌላ ነበር። አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። በመዲና አእምሮዋ ላይ ችግር የነበረባት አንዲት ሴት ነበረች። ነቢዩ ዘንድ መጥታ ጉዳይ አለኝ አለች። እሳቸውም አላባረሯትም፤ ዘመድ ፈልጋችሁ ውሰዷት አላሉም። የምትፈልጊውን መንገድ ምረጪ፣ ጉዳይሽን እፈጽምልሻለሁ የሚል መልስ ሰጧት። ከዚያም ሰው በሚያየው መንገድ ላይ አብረዋት ቆመው ጉዳይዋን እስክትጨርስ ሰሟት። እስቲ አስቡት፤ መሪ ናቸው፣ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ሰው ይጠብቃቸዋል። ሆኖም ቦታውን እንኳ እንድትመርጥ የፈቀዱት ለርሷ ነው። እኛ ግን በገበያ መሐል እንዲህ ያለ ሰው ሰላም ቢለን ማን አየን ብለን እንሸሻለን።

አሁን በየሰፈሩ ስለዚህ በሽታ የሚባሉትን አራት ነገሮች አንድ በአንድ እንይ።

አንደኛው «ጂን ነው፤ ወይም የኃጢአት ቅጣት ነው፤ ወይም ኢማኑ ስለ ደከመ ነው» የሚለው ነው። የጂንን መኖር ቁርኣን ነግሮናል፤ እናምናለን። ጥያቄው ይህ አይደለም። ጥያቄው የእገሌ ልጅ በሽታ ጂን መሆኑን በምን ዕውቀት ነው የምንናገረው የሚል ነው። ስውሩን የሚያውቀው አላህ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ከበር ላይ ቆመን ፍርድ እንሰጣለን። በሽታ ሁሉ ቅጣት ከሆነ ስለ አዩብ (ዐ.ሰ) ምን ልንል ነው? የተጨነቀና ያዘነ ሰው ሁሉ ኢማኑ የጎደለ ከሆነ፣ በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ስላዘኑት ስለ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ምን ልንል ነው? እነዚህ ነቢያት ናቸው።

ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ለበሽተኛ እፎይታ ነው፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ቁርኣን ይቀራል እየተባለ በሽተኛን መግረፍ፣ በጭስ ማፈን፣ ምግብ መከልከል ከየት የመጣ ነው? ሩቅያና መድኃኒትም አይጣሉም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ ፈውሱንም እንዳወረደ አስተምረዋል። በአላህ መመካት ግመሏን ከማሰር ጋር እንደሚሄድ ሁሉ፣ ዱዓም ከሕክምና ጋር ይሄዳል። የቀደሙት ሊቃውንት ይህን አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። ሱልጣን ቀላዉን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ባሠሩት ታላቅ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ክፍል ነበረ።

የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ከጀነት ሰዎች አንዷን ላሳይህ ብለው ለዐጣእ ያሳዩት አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። በሽታው ሲጥላት ልብሷ ይገለጥ ነበርና ለነቢዩ አቤት አለች። ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገችም እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። እሷም መታገሥን መረጠች፤ እንዳትገለጥ ብቻ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች፤ አደረጉላትም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም የተረገመች አላላትም። እኛ ግን የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አረፋው እንዳይነካን ብለን እሳት ላይ ሲወድቅ እንኳ ከማንሳት የምንሸሽ አለን። በሽታው በአረፋ አይተላለፍም። በመንካትም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።

ሁለተኛው «በዘር ነው፤ ከዚያ ቤት ጋብቻ የለም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ዘር ድርሻ አለው። ድርሻው ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ከባድ ከሚባሉት የአእምሮ በሽታዎች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ነው። ከወላጆቹ አንዱ በዚህ በሽታ ከታመመ ሰው ከሚወለዱ አሥር ልጆች ዘጠኙ ያህሉ አይታመሙበትም። ለስኳርና ለደም ግፊትም ዘር ድርሻ አለው። ነገር ግን አባቷ ስኳር አለበት ብሎ የተመለሰ ሽማግሌ ሰምተን አናውቅም። በወንድሟ በሽታ እህቲቱን መቅጣት በየትኛው ሸሪዓ ነው?

ሦስተኛው «አደገኛ ነው፤ ካልታሰረ ይገድላል» የሚለው ነው። በሽታው ሲነሳባቸው የሚቆጡና የሚማቱ መኖራቸው አይካድም፤ ያሰሩት ቤተሰቦችም ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም። አብዛኛዎቹ በሽተኞች ግን ማንንም አይነኩም፤ ይልቁንም የሚደበደቡት፣ የሚዘረፉትና የሚደፈሩት እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜም የሚያስቆጣቸው እስሩ ራሱ ነው። እግሩ የታሰረ ሰው ይቆስላል፣ ይዝላል፣ ይፈራል። የታከመና እንቅልፍ ያገኘ በሽተኛ ግን ሰንሰለቱ የማያስፈልገው ይሆናል።

አራተኛው «መድኃኒት የለውም» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ሰው ገና ሳይሞክር ተስፋ እንዲቆርጥ ያደርገዋል። ነገሩን ከአገራችን ጥናት እንመልከተው። ብዙ ሙስሊም ወገኖቻችን በሚኖሩበት በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተደረገ ጥናት ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ከዚያ በተለዩት ሕሙማን ቤተሰቦች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ከአራት ቤተሰቦች ሦስቱ በዘመዳቸው በሽታ የተነሳ መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል። ከመቶ 37ቱ በሽተኛ እንዳላቸው መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ እናታችን፣ በሰቆጣ በርዎን የዘጉት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

መደበቁ የሚያስከፍለውን ዋጋም ያው ጥናት አሳይቷል። ከባድ የአእምሮ በሽታ ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው 121ዱ ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው የሞቱት። ግማሽ ያህሉን የገደላቸውም ሌላውን ሰው የሚይዘው ተላላፊ በሽታ ነው። የአእምሮ በሽተኛ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስለው እብደቱ ነው ተብሎ ይታለፋል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው የለም። እንዲህ እያለ በጓዳ ያልቃል።

ተስፋውም ከዚያው አካባቢ ተገኝቷል። ከአሁን ቀደም የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። ለአሥርተ ዓመታት አማኑኤል የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከሰቆጣ ተነስቶ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሽተኛ ይዞ መጓዝ የማን አቅም ነው? የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ፤ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ የሚያቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናትም ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ የአእምሮ በሽታ የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው ያላነሰ ውጤት እንደሚያመጣ አሳይቷል። እንግዲህ መድኃኒት የለውም የሚለው ወሬ ከእውነቱ ኋላ የቀረ ወሬ ነው።

ወደ ዋግ እንመለስ። ስለ ዋግ ኽምራ ስናወራ ስለ ረሀብና ስለ ጦርነት ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። የ1977ቱን ድርቅ ያዩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ጦርነት ደግሞ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ወገኖች ተፈናቅለው በሰቆጣና በዝቋላ ተጠልለዋል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ እንደገና ከብቱንና ፍየሉን ጨረሰው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ጦርነት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰዎች አንዱ ከቀላል እስከ ከባድ የሚደርስ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከአምስት አንዱ ማለት በየቤቱ ማለት ነው። ሌሊት እየባነነ የሚጮኸው አባት፣ ከወለደች ወዲህ ሕፃኗን ማየት ያስጠላት አራስ፣ ከሰው መሐል ተቀምጣ የማትሰማው ኮረዳ እንግዶች አይደሉም፤ የኛው ናቸው።

ረሀብና ይህ በሽታ የተያያዙበት ሌላም መንገድ አለ። ከነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ። በቡታጅራ አካባቢ መድኃኒታቸውን ለምን እንዳቋረጡ የተጠየቁ ሕሙማን ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። መድኃኒቱ ያስርባል፣ በቤት ደግሞ የሚበላ የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ጎረቤቱ «መድኃኒቱን ጥሎ አበደ» ይለዋል። የጎደለው ግን እንጀራ ነበር። ሶደቃና ዘካ ስናወጣ ቤቱ የአእምሮ በሽተኛ ያለበትን ጎረቤት እናስታውስ። የምንልክለት እህል የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

የሰቆጣ ስም በአገሪቱ የታወቀበት አንድ ቃል ኪዳን አለ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲያበቃ ቃል ገብቷል። የልጅ አካል እንዳይቀነጭር ቃል የተገባባት ከተማ፣ የልጅ አእምሮ ሲታመም በር የሚዘጋባት እንዳትሆን እንመኛለን። ለዚህ ቃል ኪዳን የሚያስፈልገው የኛ የጎረቤቶች ፈቃድ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ አንደበታችንን እንግታ። «እብድ» የሚለውን ቃል በቤታችን መቀለጃና መሳደቢያ አናድርገው፤ እኛም በዚህ ፕሮግራም አናደርገውም። ሁለተኛ፣ እንጠይቅ። በሽተኛ መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ ነው፤ ጉንፋን የያዘውን እየጠየቅን ይህንን የምንተውበት ምክንያት የለም። በዋግ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ጎረቤቱ አብዛኛው ክርስቲያን ነው። ጠዋት ቡናው፣ ሐዘኑና ሰርጉ አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ጥየቃችንም የሃይማኖት አጥር አይኑረው። ሦስተኛ፣ ኢማሞቻችንና ሽማግሌዎቻችን በሽተኛ ይዞ ለመጣ ቤተሰብ ዱዓ ካደረጉ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይምከሩት፤ ከተቻለም አብረው ይሂዱ። አንድ ኢማም ከበሽተኛ ጎን በገበያ መሐል ሲሄድ መታየቱ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

አራተኛው ስለ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ሰውነትን ሊያደርቅ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ያኔ ለሰጠው ባለሙያ መናገር ነው እንጂ በራስ ማቋረጥ አይገባም። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ይነሳል። ረመዳን ሲደርስም ብዙዎች መድኃኒታቸውን ይተዋሉ። ከጾሙ በፊት ባለሙያውን ጠይቁ። መድኃኒቱ በኢፍጣርና በሱሑር ሊወሰድ ከተቻለ መልካም፤ ካልተቻለ በሽተኛ በሸሪዓችን ፈቃድ ያለው ሰው ነው። አእምሮውን የሳተ ሰው ደግሞ እስኪመለስለት ድረስ ብዕር የተነሳለት ነው፤ አይጠየቅበትም። አላህ ያልጠየቀውን እኛ አንጠይቀው።

አሁን ወደ እናታችን እንመለሳለን።

እናታችን፣ አብሽሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የኛ መልስ፣ በሩን ይክፈቱት የሚል ነው። በአንድ ቀን አይደለም፤ ሰንሰለቱንም ዛሬውኑ ፈትተው ልጁን ለሌሊት ይስጡት አንልም። አስቀድመው ከሚያምኑት አንድ ጎረቤት ጋር ያውሩ። ከዚያ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም እዚያው ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሄደው የልጅዎን ነገር ከመጀመሪያው አንስተው ይንገሯቸው። እንቅልፉ መቼ እንደ ጠፋ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደ ወሰደ ሁሉ ይናገሩ። የት መታከም እንዳለበት ከዚያ ይነገርዎታል። ልብ ሲል፣ እንቅልፍ ሲያገኝ፣ ሰንሰለቱ ቀስ በቀስ ይፈታል ኢንሻአላህ። ሁሉም ሙሉ በሙሉ ይድናል ብለን አንዋሽዎትም። የሚድኑ አሉ፤ በመድኃኒት ተረጋግተው የሚሠሩና ትዳር የሚይዙ አሉ፤ ዕድሜ ልክ እንክብካቤ የሚሹም አሉ። ከጓዳው መውጣት ግን ለሁሉም ይገባቸዋል።

ስለ ሴት ልጅዎም እንዲህ እንላለን። ስለ ወንድሟ ሲሰሙ የቀሩት ሽማግሌዎች ቀድመው መቅረታቸው ለርሷ ምሕረት ሊሆን ይችላል። በሽተኛ ወንድሟን የሚጠይቅ ባል አላህ ይስጣት።

ጎረቤቶች ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። እኚህ እናት ቡና ሲጠሩ ከሚቀሩበት ቤት አንዱ የናንተ ነው። በሩን ከውስጥ የዘጉት እሳቸው ቢሆኑም፣ ከውጭ የዘጋነው እኛ ነን። ነገ ጠዋት ጀበናውን ይዛችሁ ወደሳቸው ብትሄዱና ልጁን በስሙ ጠርታችሁ ሰላም ብትሉት ምን ይጎድልባችኋል?

ልጁም ምናልባት ዛሬ ከጓዳ ሆኖ እየሰማን ይሆናል። ወንድማችን፣ ያን ምሽት የተሳቀው በማን እንደ ነበር ጠይቀህ ነበር። በማንም አልነበረም ብለን አንሸሽም፤ ባንተና ባንተ ዓይነቱ ወንድማችን ነበር። ተሳስተናል። ዐፍወ በለን።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ። ለሚያስታምሙ እናቶችና አባቶች ትዕግሥቱን ይስጥ። አንደበታችንንም ወንድምን ከማቁሰል ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።